ተዝካሩን ያወጣንለት አባታችን

ለምወድህ ወንድሜ ለጋሼ ሀይሉ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ የቆላ ወባ ተወህ ወይስ አሁንም እየተመላለሰ ያስቸግርሃል? ባለቤትህ ሐናስ ደህና ናት? ልጆቹስ ምን ያህል አደጉ? እኔና እማዬ የፈጣሪ ቸርነት ሳይለየን አለን። የሮቢት ሙቀት በታኅሣሥ እንኳ አልበረደም፤ ሰዉ ግን ደህና ነው፣ ማሽላውም ዘንድሮ ጥሩ ይዟል። የጎደለን አንተን ማየት ብቻ ነው።

ይህን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። የመንገድ ሥራው ካምፕ ውስጥ ስልክ እንደማይዝ አውቃለሁ፤ ቢይዝም እየተቆራረጠ የሚነገር ነገር አይደለም። ወደ እናንተ ሲሚንቶ የሚያመላልሰው ሾፌሩ ኢልያስ በእጅህ እንዲሰጥህ አደራ ብዬዋለሁ። ቁጭ ብለህ አንብበው፤ ሐናም አጠገብህ ትሁን። መርዶ አይደለም። አትደንግጥ እንዳልልህ ግን እኔ ራሴ ይኸው አራት ሳምንት አልፎኝም ድንጋጤው ገና አልለቀቀኝም።

ከመጀመሪያው ልጀምርልህ። አምና በሳንባ ምች ተይዤ ሁለት ወር መተኛቴን ታውቃለህ። ያኔ ከአልጋ ወርጄ ደጅ መውጣት ሲያቅተኝ፣ «እግሬን ካቆምክልኝ በዚሁ እግሬ አመሰግንሃለሁ» ብዬ ለአምላኬ ተስዬ ነበር። ድኜ ወደ ሆቴሉ ሥራዬ ከተመለስኩ በኋላ ስለቴን በምን እንደምፈጽም ግራ ገብቶኝ ሳለ፣ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ደብረ ብርሃን አጠገብ ላለ የአረጋውያን መጠለያ ተጨማሪ ቤት ማሠሪያ የሃያ አንድ ኪሎ ሜትር ሩጫ ሊያዘጋጅ ነው ተባለ። እያንዳንዱ ሯጭ በገንዘብ የሚደግፉትን ሰዎች ራሱ ያፈላልጋል። እኔም ተመዘገብኩ። እማዬ «ደረጃ ስትወጪ የምታለከልኪው ልጅ ነሽ የምትሮጪው?» ብላ ሳቀችብኝ።

ያሠለጠኑን የስፖርት መምህሩ ጋሽ አብዱረዛቅ ናቸው። አንድ ሰው «እርስዎ ሙስሊም፣ ሩጫው የቤተ ክርስቲያን፤ እንዴት ነው ነገሩ?» ቢላቸው፣ «ሽማግሌ ጡሩ የማይል የማን ሃይማኖት ነው?» ብለው መለሱለት። ገና ጎሕ ሲቀድ ተነስተን በቀወት የማሽላ ማሳዎች መካከል እንሮጣለን፤ ፀሐይዋ ከበረታች በኋላማ አይሞከርም። መጀመሪያ ሰሞን ሁለት ኪሎ ሜትር ሳልሞላ ጎኔን ይዤ እቀመጥ ነበር። ገበሬዎቹ «ይቺን ደግሞ ማን አባረራት?» እያሉ ይስቁብኛል። ሐምዲያ የምትባል ባለ ማሳ ግን በየጠዋቱ አንድ ጀሪካን ውሃ ከግራሩ ሥር ታኖርልን ጀመር። «አላህ ጉልበት ይስጣችሁ፣ ለሽማግሌ ነው አሉ የምትሮጡት» አለችን። የነቢያት ጾም ሲገባ አቅሜ ተሟጠጠ፤ ቢሆንም ስለት ነውና እየማልኩ እየተገዘትኩ ቀጠልኩ። በመስከረም ሁለት ኪሎ ሜትር ያቃተኝ ሰው በኅዳር አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ደረስኩ።

ኅዳር 24 ቀን ቅዳሜ ጋሽ አብዱረዛቅ «ለማን እንደምትሮጡ እዩት» ብለው በሚኒባስ ወደ መጠለያው ወሰዱን። ከሮቢት ብርቱካን ጭነን ነበር። የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቀዋለህ፣ አጥንት ውስጥ ነው የሚገባው። አረጋውያኑ ፀሐይ ለመሞቅ ግድግዳውን ተደግፈው በረድፍ ተቀምጠዋል። እኔ እየተንበረከክሁ ብርቱካን አድላለሁ። ጫፍ ላይ ፂማቸው ደረታቸው የደረሰ አንድ ሽማግሌ አሉ። «አባባ፣ ይቀበሉኝ» አልኳቸው። «ተመስገን» ብለው ተቀበሉኝ። ነርሷ ብሌን ከኋላዬ ሆና «ከዚህች ቃል ሌላ አይናገሩም፤ ስማቸውን ስለማናውቅ አባ ተመስገን ነው የምንላቸው» አለችኝ።

ወደሚቀጥለው ሰው ልሄድ ስነሳ እጄን ያዙኝ። ብርቱካኑን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ይልጡት ጀመር፤ ልጣጩ አልተበጠሰም፣ እየዞረ እየዞረ እስከ መጨረሻው ወረደ። ከዚያ ያንን ረጅም ልጣጭ እንደ አምባር በእጄ ላይ ጠመጠሙልኝ። ወንድምጋሼ፣ ይህን ለእኔ ያደረገልኝ በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው። አንተ እንኳ «ለእሷ ብቻ» እያልክ ታኮርፍ ነበር። ቀና ብዬ አየሁት። ግራ ቅንድቡ ላይ የመኪና ክሪክ የመታው ጠባሳ አለ። አባዬ ነው። አባታችን ተፈራ ነው።

ለብሌን «አባቴ ናቸው፣ ሞተዋል» አልኳት፤ የምናገረውን አላውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ጋሽ አብዱረዛቅ ፊቴ ላይ ውሃ ሲረጩብኝ ነው።

አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ። ያ የአፋር ጎርፍ መኪናውን ጠራርጎ ሲወስደው የሾፌሩ አስከሬን ተገኘ፣ ረዳቱ አባዬ ግን ጠፋ፤ እኛም ውሃ በላው ብለን ያለ ሬሳ አለቀስን፣ ተዝካሩንም አወጣን። ብሌን እንደነገረችኝ፣ ከአምስት ዓመት በፊት አንድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ታሞ ወድቆ አግኝተው ነው ያመጡት። ጭንቅላቱ ላይ የቆየ ስብራት አለ፤ ስሙንም ያስረሳው እሱ ሳይሆን አይቀርም ብሏል ሐኪሙ። ከዚያ በፊት የነበሩትን ስምንት ዓመታት የት እንደኖረ፣ ማን እንዳበላው የሚያውቅ የለም። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ስመላለስ ስንት ጊዜ በዚያ መጠለያ በር አጠገብ በአውቶቡስ አልፌያለሁ። አምላኬን አመሰግናለሁ፣ ወዲያው ደግሞ እናደድበታለሁ። ይህንኑ ለንስሐ አባቴ ብነግራቸው «ሁለቱንም ለራሱ ንገሪው፣ ይችላል» አሉኝ።

ቤት ስደርስ እማዬ ሽንኩርት ትከትፋለች። «አባዬን አየሁት» አልኳት። በሕልሜ መስሏት «ነፍሱን ይማረው፣ ምን አለሽ?» አለችኝ። «በሕልሜ አይደለም እማዬ፣ ደብረ ብርሃን ነው ያለው፣ በሕይወት አለ» አልኳት። ቢላዋውን አስቀመጠች። «ምን ለብሷል?» አለችኝ። ተነስታ ሣጥኑን ከፈተችና ጋቢ አወጣች።

ሰኞ አብረን ሄድን። ሲያያት አልተነሳም፣ አላለቀሰም። ለረጅም ጊዜ ተመለከታትና «ተመስገን» አለ። ለእሷ ይበለው ለጋቢው አላወቅንም። እሷ ግን አጠገቡ ቁጭ ብላ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ማሽላው፣ ስለ አንተ፣ ልክ ትናንት እንደተለያዩ ሁሉ ስታወራው ዋለች።

ሩጫው ታኅሣሥ 16 ቀን እሑድ ሆነ። አሥራ ሰባተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ባቴ ተኮማትሮ ቆምኩ። ሐምዲያ ከማሳዋ ወጥታ «አባቷን ያገኘች ሴት ምን ያቆማታል?» እያለች ክንዴን ይዛ ጥቂት አራመደችኝ። ከመጨረሻ ሦስተኛ ሆኜ ገባሁ። የአረጋውያኑ ቤት መሠረት ከገና በኋላ ይጣላል ብለዋል። አባዬ ግን አይኖርበትም፤ በማግስቱ ሮቢት፣ ቤቱ አስገባነው። ያቺን ዕለት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ስለቴን አደረስኩ ለማለት ብቆም፣ ከአፌ የወጣው የእሱ ቃል ብቻ ነበር።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ቤት ከገባም በኋላ ሌላ ቃል አልተናገረም ነበር። ትናንት ጠዋት ቁርስ ብናቀርብለት እጁን ሰበሰበ። በሩን እያየ «ሀይሉ በላ?» አለ።

አባዬ የሄደ ዕለት ጠዋት ተጣልታችሁ፣ «ባትመለስም ግድ የለኝም» ብለኸው ቁርስህን ትተህ መውጣትህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አንተም ከዚህ አገር የራቅኸው በዚያ ቃል ምክንያት እንደሆነ ልቤ ያውቃል። እሱ ግን ስምህንና ሳትበላ መውጣትህን እንጂ ሌላውን የያዘ አይመስለኝም። ደግሞ ጠየቀ፤ «ሀይሉ በላ?» እማዬ «ገና ነው፤ እየመጣ ነው፣ አብራችሁ ትበላላችሁ» አለችው። ቃሏን አምኖ ነው ጉርሻውን የተቀበላት። ዛሬም ጠይቋል፣ ዛሬም ይህንኑ ነግራዋለች። እማዬን ውሸታም አታድርጋት ወንድሜ። ና።

ሐናን ሳምልኝ፤ ከቻለችም አብራህ ትምጣ። ትልቁንም ትንሿንም አያታችሁ አለ በላቸው፤ እንዴት እንደምታስረዳቸው እንጃ፣ እኛም ገና እየተረዳነው ነው። እማዬ በጉንጭህ ግራና ቀኝ ትስምሃለች። ጋሽ አብዱረዛቅና ሐምዲያ ሳያውቁህ ሰላምታ ልከውልሃል። ይህን ደብዳቤ ለማን እንደምጽፍ ለአባዬ ነግሬዋለሁ፤ ወረቀቱን ተቀብሎ በእጁ አሸት አሸት አድርጎ መልሶልኛል።

እህትህ ዓይናለም ተፈራ
ሸዋ ሮቢት፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2015 ዓ.ም.