ሠላሳ አንድ እጅ ተስሞ የተገዛው ባቡር

ለክቡር አቶ ሃልዱን ሳይገል
የ«ቀንዲል» የኮምፒውተር ጨዋታዎች መደብር የቀጣናችን የዋጋ ጉዳዮች ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ የእርስዎ ጤና፣ የቤተሰብዎ ጤና፣ በተለይም ዋጋ የሚጨምሩበት የቀኝ እጅዎ ጤና እንደምን እንደሰነበተ በትሕትና እጠይቃለሁ። እኛ እዚህ ቱርክ፣ እስኪሸሂር ከተማ፣ ከመደብርዎ በስተቀር ሁሉም ነገር ደኅና ነው።

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት ኅሊናዬን ሲከብደው የኖረውን አንድ ጥፋት በአደባባይ አምናለሁ። ራሲም ቼቲኔል የተባሉ የሰባ ስድስት ዓመት አዛውንት፣ ጡረታ የወጡ ባቡር ነጂ፣ በመዝገብዎ ላይ ባለፉት አራት ዓመታት ሁለት ሺህ ያህል ዘንዶ ገድለው፣ ሦስት መንግሥት ገልብጠው፣ በአንዲት ደሴት ላይ ንግሥት ሆነው ዘውድ ጭነው ይገኛሉ። እኚህ ሰው አያቴ ናቸው። ንግሥቲቱ ግን እኔ ነኝ። ዕድሜዬ አሥራ አምስት ሲሆን፣ መደብርዎ የሚያከብረው የባንክ ካርድ ያለውን ሰው ብቻ በመሆኑ አካውንቱን በእሳቸው ስም ከፈትኩ። አስፈቅጄ ነው። «ስሜን ምን ታደርጊበታለሽ፤ አርጅቷል እኮ» ብለው ካርዱን ሰጡኝ።

ይህንን አካውንት ክቡርነትዎ ከሦስት ሳምንት በፊት ለዘለዓለም ዘግተውታል። የምለምነው እንዲከፍቱት ነው። አቤቱታዎቼን በቁጥር የማቀርበው ከቁጥር ጋር ያለዎትን ፍቅር ስለማውቅ ነው።

፩. በሊራ ይሸጡ የነበረውን ሁሉ አንድ ጠዋት በዶላር አደረጉት። ማስታወቂያዎ «የተሻለ አገልግሎት ለመስጠት» ይላል፤ አገልግሎቱ የተሻለው ለማን እንደሆነ ግን ሳይነግሩን ቀሩ። አያቴ ጡረታቸውን የሚቀበሉት በሊራ ነው። የትራሙ ትኬት በሊራ ነው፤ በሥጋ የተሞላውን ቂጣ፣ ችቦሬክ፣ የሚጠብሱልን ሴትዮም ዘይት በተወደደ ቁጥር ቢያለቃቅሱም የሚያለቃቅሱት በሊራ ነው። በዚህ ከተማ በዶላር የሚሸጠው የእርስዎ ዘንዶ ብቻ ነው። ስለዚህ ክብር እናመሰግናለን።

፪. ባለፈው ክረምት «ረጅሙ ሐዲድ» የተባለ ጨዋታ ለሽያጭ አቀረቡ። ባቡር መንዳት ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። ሥዕሉን እያየሁ ሳለ አያቴ በትከሻዬ በኩል አጎንብሰው «ይቺ የሳቡንጁፒናር መታጠፊያ ናት፤ እዚህ ፍጥነት ካልቀነስሽ አበቃልሽ» አሉኝ። ለሃያ ዘጠኝ ዓመት የነዱት መስመር ነበር፤ ምልክቶቹ እንኳ ሳይቀሩ አሉበት። ዋጋው ወደ ሊራ ሲመነዘር ዘጠኝ መቶ ነበርና የጾሙ ፍቺ በሆነው በረመዳን ባይራም በዓል በማገኘው ገንዘብ ልገዛላቸው ወሰንኩ።

ክቡርነትዎ ከልጅነት ስለራቁ ይህ ገንዘብ እንዴት እንደሚገኝ ላስታውስዎ። የታላቅ እጅ ይሳማል፣ ግንባር ላይ ይደረጋል፣ ከዚያም ተስፋ ይደረጋል። በሦስቱ የበዓል ቀናት ሠላሳ አንድ እጅ ሳምኩ። ጡረታ የወጡት ግብር ሰብሳቢ ጎረቤታችን አንድ ከረሜላ ሰጥተው የሒሳብ ውጤቴን ጠየቁኝ። ጡረተኛው ኮሎኔል ሃምሳ ሊራ ከአርባ ደቂቃ ምክር ጋር ሰጡኝ፤ ምክሩ ባይኖር በሃያ አምስቱም እስማማ ነበር። የአባቴ አክስት ዘንድሮም እንደ ሱልጣኖች ዘመን መሐረብ ሰጡኝ፤ አሥራ አራት መሐረብ አለኝ፣ አፍንጫዬ ግን አንድ ነው። በየቤቱ እጅ ላይ በሚረጨው የሎሚ ኮሎኝ ሽቶ ከንፈሬ ተላጦ አንድ ሺህ አንድ መቶ ሰማንያ ሊራ ሰበሰብኩ።

እርስዎ ታዲያ ምን አደረጉ? በበዓሉ ዋዜማ ዘጠኝ መቶውን ሁለት ሺህ ስድስት መቶ አደረጉትና፣ ጠዋት ላይ ቀይ ጥብጣብ አስረው «የባይራም ስጦታ፦ ሃምሳ በመቶ ቅናሽ» አሉን። አንድ ሺህ ሦስት መቶ። ከዘጠኝ መቶ ተነስቶ ወደ ላይ የሚሄድ ቅናሽ በዓለም ላይ መኖሩን ያወቅሁት ከእርስዎ ነው፤ ግብር ሰብሳቢው ጎረቤታችን እንኳ በከረሜላው ላይ ይህን አላደረጉም።

፫. ርካሽ ፍለጋ ወጣሁ። ሌቦች እንጂ ደንበኞች እንዳልሆንን አድርገው ስለሚያዩን ያየሁትን ሁሉ እነግርዎታለሁ። ዋጋ የሚከታተሉ ገጾች ላይ ተመዘገብኩ፤ በየማለዳው «ዛሬም አልቀነሰም» የሚል መልእክት እየላኩ አጽናኑኝ። ከኢዝሚር ሆኖ ኮድ የሚሸጥ አንድ ሰው «እህቴ፣ ለአንቺ ብዬ ነው» ብሎ በስልሳ ሊራ የሸጠልኝ ኮድ ሲከፈት ላም የማጠቢያ ጨዋታ ሆነ። አያቴ ላሟን ለጥቂት ጊዜ አዩና «ይቺ የማን ናት?» ብለው ሄዱ። በመጨረሻም ያው ጨዋታ፣ ያው መታጠፊያ፣ ካዛክስታን ውስጥ በግማሽ ዋጋ እንደሚሸጥ ደረስኩበት። ስለዚህ የአካውንቱን አገር ቀይሬ አያቴን ለአንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ካዛክስታኗ አልማቲ አዛወርኳቸው። ጨዋታውን ገዝተው ለእራት ቤታቸው ደርሰዋል። ደንብዎን መጣሴን አልክድም፤ ደንቡን ግን የጻፉት እርስዎ ነዎት፣ መታጠፊያውን ካዛክስታን ውስጥ ያረከሱትም እርስዎ ነዎት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አያቴ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአሥር ላይ ኮፍያቸውን ደፍተው ይቀመጡና እስከ አላዩንት ጣቢያ ይነዳሉ። ሻይ ቢቀርብላቸው ጣቢያ ሳይደርሱ አይነኩም። ሁለት ደቂቃ ከዘገዩ እራት ላይ ይቅርታ ይጠይቁናል። ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሚዘገዩበት ነገር አልነበራቸውም።

፬. ይህ ሁለት ወር ከቆየ በኋላ መደብርዎ የአልማቲውን ጉዞ ደረሰበትና ባለቤቱ በቪዲዮ ቀርቦ ማንነቱን ያረጋግጥ አለ። የቀጠሮዎ ቀን በግ የሚታረድበት የቁርባን ባይራም በዓል ሁለተኛ ቀን ነበር። ዋጋ ለመጨመር በዓላችንን በደንብ የሚያውቅ መሥሪያ ቤት ቀጠሮ ሲሰጥ መርሳቱ አስገርሞኛል። አያቴ ክራቫት አሰሩ። የቀረበው ሠራተኛዎ ጨዋ ወጣት ነው፤ በዚህ ደብዳቤ የማመሰግነው እሱን ብቻ ነው።

«አባባ፣ በመጨረሻ የተጫወቱት ጨዋታ ምንድነው?» አላቸው።

«ጨዋታ?» አሉ አያቴ፤ «ልጄ፣ እኔ ትናንት ሥራ ላይ ነበርኩ። የስምንት ሰዓት ከአሥሩን አላዩንት አድርሼ ነው የገባሁት።»

ልጁ መዝገቡን አየ። ሰዓቱም ጣቢያውም ልክ ነበር። «ማንነትዎ ተረጋግጧል፣ አባባ። ባይራምዎ የተባረከ ይሁን» አለ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ክቡርነትዎን አላስቸግርም ነበር። ነገር ግን በዚህ አገር ትንሽ ሰው መልካም ባይራም ሲመኝ ትልቅ ሰው እጁን ይዘረጋል፤ አያቴም ዘረጉ፣ ወደ ስክሪኑ። ልጁ በደንብ ያሳደጉት ነውና ጎንበስ ብሎ አየሩን ሳመ፣ ግንባሩንም ወደ ካሜራው አስጠጋ። እጁ የተሳመለት ሰው ደግሞ ባዶውን አይሸኝም።

«በል የባንክ ቁጥርህን ንገረኝ» አሉት።

«አባባ፣ አይቻልም። እየተቀዳ ነው።»

«ይቀዳ እንጂ። እጄን ስመህ እንዲሁ ልትሄድ ነው? ሁለት መቶ ሊራ ናት፤ ለአባትህ አትንገረው።»

በማግስቱ ደብዳቤዎ ደረሰ፤ «ለመደብሩ ሠራተኛ ጉቦ ለመስጠት በመሞከር» አካውንቱ ተዘግቷል ይላል። ማንነቱ ከተረጋገጠ፣ ጉዳዩ ካለቀና እጅ ከተሳመ በኋላ የተሰጠ ጉቦ የት አገር እንዳዩ ባላውቅም፣ ምናልባት ካዛክስታን ውስጥ በግማሽ ዋጋ ይገኝ ይሆናል። ከዚህም ጋር የአራት ዓመት ጨዋታዎቼ ሁሉ ሄዱ። ስለራሴ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ዘንዶዎቹን መልሱልኝ አልልም፣ ደሴቷንም ይውሰዷት። ባቡሩን ግን ይመልሱ።

ቅሬታዬን በዚህ ስጨርስ፣ ለአንድ ሰው ልማድ «ጉቦ»፣ ለዋጋ ጭማሪ «ስጦታ» የሚል ስም ላወጣው ብርቱ አእምሮዎ ያለኝ አድናቆት እስከ መቶ በመቶ ደርሶ፣ ወዲያው የሃምሳ በመቶ ቅናሽ እንደተደረገበት እየገለጽኩ፣ በታላቅ አክብሮትና በትንሽ መሐረብ እሰናበትዎታለሁ።

የቀድሞዋ የደሴት ንግሥት፣
በመዝገብዎ ራሲም ቼቲኔል፣ ዕድሜ ሰባ ስድስት

ሳልጽፈው የቀረ፦ ያቺን ሁለት መቶ ሊራ ለክቡርነትዎ ልልክ ብዬ ነበር፤ ነገር ግን ሥርዓቱ መጀመሪያ እጅ መሳም ስላለበት፣ ከእርስዎም ይህን ያህል ማጎንበስ መጠበቅ ስለሚከብድ ተውኩት። ደግሞም አያቴ መዘጋቱን አያውቁም። መስመሩ ለጥገና ቆሟል ብያቸዋለሁ። በየቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ኮፍያቸውን ይዘው በሩ ላይ ይመጡና «ሠራተኞቹ ገና ናቸው?» ይሉኛል፤ «ገና ናቸው» እላለሁ፤ «ድሮም የሐዲድ ሠራተኛን አያጣድፉትም» ብለው ይመለሳሉ። አሁንም መጥተው ከኋላዬ ቆመዋል። ያለ መነጽር አንድ ፊደል ስለማይለዩ መጻፌን አላቋረጥኩም። መነጽራቸውን ከኪሳቸው እያወጡ ነው። አደረጉት። ከላይ ጀምረው እያነበቡ ነው፤ ኮሎኔሉ ጋ ሲደርሱ ሳቁ። አሁን ግን ጣታቸውን ጽሑፉ ላይ አሳርፈዋል፣ እዚህ መስመር ላይ የደረሱ ይመስለኛል

«ቤጉም።»

«አቤት አያቴ።»

«ጥገና ነው አላልሽኝም? ተነሺ ከወንበሩ። ለዚህ ሰውዬ የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ስሙ የእኔ ነው።»