በጆሮ የተመሰከረው ዝላይ፦ የወይዘሮ ኤውዶኪያ ሮማኒዩክ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ኤውዶኪያ ሮማኒዩክ ከአባታቸው ከአቶ ሃራሲም ዳኒሊሺን እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቴክላ ሁዲማ፣ እዚሁ በሳስካችዋን ክፍለ ሀገር ሜዳ ላይ ባለችው መንደራችን በዜሌና፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 1943 ተወለዱ። ዕለቱ ጥምቀት ነበር። አባታቸው እንደ ወጋችን ከኩሬው ላይ የበረዶ መስቀል በመጋዝ ቆርጠው፣ በቀይ ሥር ጭማቂ አቅልተው ሊያቆሙት ሲሉ ሴት ልጅ ተወለደች የሚል ወሬ ደረሳቸው። መጋዙን ጥለው ሲሮጡ አዳልጧቸው በጀርባቸው ተዘረሩ። አክስቴ ኤውዶኪያ ይህን ሲያወሩ፣ ከቤተሰባችን በረዶ ላይ መጀመሪያ የወደቁት አባባ ናቸው፤ እኔ የወረስኩትን ነው የምሠራው ይሉ ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በመንደሩ ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። በዘጠኝ ዓመታቸው መምህራቸው ግድግዳ ላይ የሰቀሉትን የቀን መቁጠሪያ አዩ። የዲሴምበር ወር ሥዕል አንዲት ሴት በአንድ እግሯ በረዶ ላይ ቆማ፣ ሌላውን ወደ ኋላ ዘርግታ ስትንሳፈፍ ያሳያል። ዓመቱ ሲያልቅ ወረቀቱን ለምነው ወሰዱት። መጀመሪያ ፍራሻቸው ሥር፣ ኋላም በትዳር ዘመናቸው የማቀዝቀዣው በር ላይ ኖረ። ዛሬም እዚያው ነው፤ ሂዳችሁ ማየት ትችላላችሁ።

ያኔ ለሴት ልጅ ከሥሩ ስለት ያለው የበረዶ ጫማ የሚገዛ አልነበረም። ወንድማቸው የሆኪ ጨዋታውን ጨርሶ ሲያወልቅ ጠብቀው፣ በሁለት ቁጥር የሚበልጣቸውን ጫማ ሱፍ ጠቅጥቀውበት ኩሬው ላይ ብቻቸውን ይዞሩ ነበር። በ1962 ከአቶ ቫሲል ሮማኒዩክ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጸሙ። አቶ ቫሲል የስንዴ ገበሬና የቤተ ክርስቲያናችን መሪ ዘማሪ ነበሩ፤ ከመዘምራኑ መካከል አንድ ሰው ድምፁ ቢያዘነብል ዓይናቸውን ሳይገልጡ ማን እንደሆነ የሚያውቁ። ሮማንን፣ ኒናንና ዘግይታ የመጣችውን ዳሪያን ወለዱ። ወይዘሮ ኤውዶኪያ ከ1966 እስከ 1998 በመንደሩ ፖስታ ቤት አገልግለዋል። ከሠርጋቸው ጀምሮ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ እግራቸው በረዶ ላይ አልወጣም። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

በ1985 መንደሩ በነዋሪው ጉልበት የበረዶ አዳራሽ ሠራ፤ ከወለሉ በታች ያለውን ቧንቧ ከዘረጉት አንዱ አቶ ቫሲል ናቸው። ዳሪያ ስምንት ዓመቷ ስለነበር ለሸርተቴ ተመዘገበች። እናቶች ከመስታወቱ ጀርባ ተቀምጠው ትኩስ ቸኮላት እየጠጡ ልጆቻቸውን ያያሉ። በሦስተኛው ሳምንት አክስቴ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ወደ መዝገብ ጠረጴዛው ሄዱ። ጸሐፊዋ የልጅዎ ስም ማን ነው ስትላቸው፣ የራሳቸውን ሰጡ። ለአዋቂ የተዘጋጀ ክፍል ስላልነበረ ከስድስት ዓመት ሕፃናት ጋር ተመደቡ። በማርች ወር በሚደረገው የዓመቱ መዝጊያ ትርኢት ላይ ጀማሪዎቹ ዳክዬ ሆነው ወጡ፤ አሥራ አንዱ ወገብ የማይደርሱ፣ አሥራ ሁለተኛዋ የአርባ ሦስት ዓመት የፖስታ ቤት ሠራተኛ። አዳራሹ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ዳሪያ ለሳምንት አኮረፈች፤ አማታቸው ሻርፓቸውን ፊታቸው ላይ ጎትተው ወጡ። ዳክዬዋ ግን ሁለት ጊዜ እጅ ነስታ ነው የገባችው።

አቶ ቫሲል ክፉ ቃል አልወጣቸውም። አጥንትሽ ሲሰበር ለማየት አልመጣም ብለው ግን ስምንት ዓመት ወደ አዳራሹ ዝር ሳይሉ ቀሩ።

በ1994 ሳስካቱን ከተማ የአዋቂ አማተሮች ውድድር ሲዘጋጅ አክስቴ በሃምሳ አንድ ዓመታቸው ተመዘገቡ። ሸርተቴ የሚያውቁ ሁሉ የሚፈሩት አንድ ስህተት አለ። ጫማው መሬት በሚረግጥበት ጊዜ ስለቱ እንዳይዶለዱም የላስቲክ ሰገባ ይለብሳል፤ በረዶው በር ላይ ሲደርሱ ይወልቃል። ሰገባውን ሳያወልቁ በረዶ የረገጠ ሰው ካልሲ ለብሶ የሳሙና አረፋ ላይ እንደወጣ ይሆናል። አክስቴ ስማቸው ሲጠራ በደስታ ብዛት ከነሰገባቸው ገቡ። በሆዳቸው ተዘረጉ፤ ሙዚቃው ጀመረ። እዚያው ተቀምጠው ሰገባዎቹን አንድ በአንድ ነቀሉ፣ ከአጥሩ ውጭ ወረወሩና ተነሥተው ከሙዚቃው መሐል ገቡ። ከሦስት ተወዳዳሪ ሦስተኛ ወጡ። አንደኛው ሰገባ ግን ከኋላ ወንበር ላይ፣ የኮታቸውን ኮሌታ እስከ ጆሯቸው አቁመው በተደበቁ ሰው እግር ሥር ነበር ያረፈው። አቶ ቫሲል በሌላ መኪና ተከትለዋቸው መጥተው ኖሯል። ሰገባውን ይዘው ወርደው በሩ ላይ ቆሙ፣ አክስቴ ሲወጡም በእጃቸው ሰጧቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአሥራ ስምንት ዓመት ያ በር የሳቸው ሆነ። መልካም ዕድል የሚባል ነገር ከአፋቸው አይወጣም፤ እጃቸውን ዘርግተው ‹‹ሰገባሽን›› ብቻ ይላሉ።

አክስቴ ከዚያ ውድድር ሲመለሱ አንድ ነገር አሰቡ፤ አክስል የሚባለውን ዝላይ መዝለል። ሌላው ዝላይ ሁሉ ወደ ኋላ እየሄዱ የሚነሱበት ሲሆን፣ አክስል ግን ወደ ፊት እያዩ ይነሡና አንድ ዙር ተኩል አየር ላይ ዞረው ጀርባ ሰጥተው ያርፉበታል። ልጆች ይፈሩታል፤ ለሃምሳ ዓመት ሴትማ አይነሣም። እሳቸው ግን የሆኪ ተጫዋቾች አዳራሹን በሚተዉልን ሰዓት፣ ማለዳ አሥራ ሁለት ላይ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ይሄዱ ነበር። በ1997 የትከሻቸው አጥንት ተሰበረ፤ ሲድን ተመለሱ። አቶ ቫሲል የሻይ ፔርሙዛቸውን ይዘው በሩ ላይ ይቆማሉ። አክስቴ ሲወድቁ ሲወድቁ እሳቸው ድምፁን ለዩት፦ በዳሌ የወደቀው፣ በጉልበት የወደቀው፣ ግማሽ ዞሮ የከሸፈው ሁሉ የራሱ ዜማ ነበረው።

በኖቬምበር 2003 አንድ ማለዳ፣ በስልሳ ዓመታቸው፣ አክስሉን ዘለሉና ቆሙ። በአዳራሹ ከሁለቱ በቀር ሰው አልነበረም። አቶ ቫሲል ደግሞ ሻይ ሊቀዱ ጎንበስ ብለው ነበር።

‹‹ቫሲል፣ አየኸው?››

‹‹አላየሁም ዶኪያ። ሰማሁት።››

ሰውዬው ከእውነት የሚሸሹ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ። እሳቸው ግን ለጠየቃቸው ሁሉ በዓይናቸው እንዳላዩ፣ በጆሯቸው ግን እንደ ሰሙ መሰከሩ፤ መንደሩም ለሁለት ተከፈለ። ቀጥሎ በመጣው የገና ዋዜማ፣ እንደ ወጋችን አሥራ ሁለቱ የጾም ምግቦች በቀረቡበት ማዕድ ላይ አንዲት አፏ የማያርፍ የእህት ልጅ፣ ‹‹አክስቴ፣ ዳኛ እኮ በዓይኑ እንጂ በጆሮው አይፈርድም፤ ባል ደግሞ ለሚስቱ ምን የማይሰማው አለ?›› አለች። ሁሉም ሳቀ። አክስቴም ሳቁ። አቶ ቫሲል ሹካቸውን አስቀመጡ፤ በዚያ ምሽት መዝሙሩን አልመሩም። ያቺ የእህት ልጅ ይህን ጽሑፍ የምታነብላችሁ እኔ ላሪሳ ነኝ።

ነገሩ ከዚያ በኋላ ከዝላይ አለፈ። ስልሳ ዓመት ያልዋሸ ሰው ስለ ሚስቱ ብሎ ዋሸ ተባለ ማለት ነው። አክስቴ ዝላዩን ደግመው ለማሳየት ከሁለት ዓመት በላይ ቢለፉም እንደገና አልቆመላቸውም። በዚሁ መሐል የአቶ ቫሲል ዓይን እየደከመ ሄደ፤ በ2006 ብርሃንና ጥላ ከመለየት በቀር የቀራቸው አልነበረም። ኒና ከካልጋሪ ደውላ በቃሽ እማዬ ብላ አለቀሰች። አክስቴ ለእኔ ብቻ ያሉትን ልንገራችሁ፦ ‹‹ለእኔ ቢሆን ይቅር። የእሱን ቃል ግን መሬት ላይ ጥዬ አልሄድም።››

የማርች 2006 ትርኢት ዕለት ሕዝቡ ከአዳራሹ ሞልቶ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ነበር። አቶ ቫሲልን ክንዳቸውን ይዤ በሩ ላይ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። እጃቸውን ዘረጉ፣ ‹‹ሰገባሽን›› አሉ፣ ተቀበሉ። አክስቴ የስልሳ ሦስት ዓመት ሴት ናቸው። ሙዚቃው አጋማሽ ላይ አክስሉን ሞከሩና ወደቁ። አቶ ቫሲል ቀስ ብለው ‹‹ዳሌዋ ነው፤ ትነሣለች›› አሉኝ። ተነሡ። ሙዚቃው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ በፕሮግራሙ ያልተጻፈ መንገድ ይዘው በሜዳው ጥግ ዞሩ፤ ፊታቸውን ወደ እኛ አድርገው መጡ፣ ዘለሉ። አዳራሹ ገና ሳያጨበጭብ፣ ስለቱ በረዶውን አንድ ጊዜ ፋቅ እንዳደረገ፣ አቶ ቫሲል ሁለቱን ሰገባዎች ወደ ላይ አነሡ።

‹‹ይኸው! ያኔ የሰማሁት ይህንን ነው።››

አራት መቶ ሰው ከመቀመጫው ተነሣ። ቄሳችን ወንበር ላይ ቆመው ያጨበጭቡ ነበር። ዝላዩን ያላየ አንድ ሰው ቢኖር አቶ ቫሲል ናቸው፤ አንድ ዝላይ ብቻ ሳይሆን ሁለት ዝላይ ያስመዘገቡት ግን እሳቸው ናቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ያን የኖቬምበር ማለዳ የተጠራጠረ የለም። እኔ እዚያው በሩ ላይ ሁለቱንም ይቅርታ ጠየቅሁ። አክስቴ ላባቸውን እየጠረጉ፣ ዳኛ ጆሮም እንዳለው ዛሬ ተማርሽ አሉኝ።

አቶ ቫሲል በሴፕቴምበር 2012 አረፉ። በኖቬምበር በረዶው ሲዘጋጅ አክስቴ ማለዳ መጡ፤ ሰገባቸውን አውልቀው እንደ ልማዳቸው በበሩ ወደ ግራ ዘረጉ። የሚቀበል እጅ አልነበረም። ዘርግተው ቆመው ቀሩ። እኔ ከወንበሬ ተነሥቼ ሄድኩና ተቀበልኳቸው። ከዚያ በኋላ እስከ 2019 ሰባት ዓመት፣ ዳሌያቸው እምቢ እስኪል ድረስ፣ በየማለዳው በሩ ላይ ነበርኩ።

ወይዘሮ ኤውዶኪያ ከኦገስት 2021 ጀምሮ ባደረባቸው የጣፊያ ካንሰር በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ወደ ቤት መልሱኝ ባሉት መሠረት በገዛ አልጋቸው ላይ፣ የመስኮታቸው መጋረጃ ወደ ኩሬው እንደተከፈተ፣ ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2022 በተወለዱ በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ሮማንን፣ ኒናንና ዳሪያን፣ ሰባት የልጅ ልጆችንና ሁለት የልጅ ልጅ ልጆችን ትተውልናል። በሰባ አራት ዓመታቸው እንኳ የዳክዬ ልብስ ለብሰው ከጀማሪዎቹ ጋር የወጡላቸው የዜሌና ሕፃናትም ልጆቻቸው ናቸው። አርባቸው በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ይታሰባል፤ ለመታሰቢያው የሚቀቀለው ስንዴም ከአቶ ቫሲል ማሳ ነው።

ጫማቸውን ለዳሪያ ልጅ ተናዝዘዋል። ሰገባው ግን ለላሪሳ ይሁን ብለዋል፤ ይኸው ይዤዋለሁ። በጥምቀት ቀን የሰጠን አምላክ ነፍሳቸውን ከባለቤታቸው ጎን ያሳርፍልን፤ መታሰቢያቸውም ለዘላለም ይሁን።

አክስቴ ዶኪያ፣ ሰገባዎን ተቀብያለሁ። ሳይፈሩ ይግቡ፤ አጎቴ እዚያ ሆነው እየሰሙ ነው።