ደህና ነው የተባለው የሶልሴ ደሴት መስመር

ለክቡር አቶ ናም ቴሶክ
የደቡብ ደሴቶች ኔትወርክ ቁጥጥር ማዕከል ዋና ኃላፊ
ሞክፖ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነትና በተለመደው የሥራ ትጋትዎ ላይ ያገኝዎት ዘንድ ከልቤ እመኛለሁ። ባለቤትዎና ሁለቱ ሴት ልጆችዎም ደህና እንደሚሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። ለአሥራ ሁለት ዓመት «አንተ» ስልዎት የኖርኩ ሴት ዛሬ «እርስዎ» ማለቴ እንዳይገርምዎት። የማያውቁትን ሰው በአክብሮት መጥራት ተገቢ ነው፤ እኔም እርስዎን እንደማላውቅዎት የተረዳሁት ባለፈው ኅዳር ነው።

ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ለሚያነቡት የአውራጃችን ነዋሪዎች ራሴን ላስተዋውቅ። ማ ዮንሱክ እባላለሁ፤ ዕድሜዬ ሃምሳ አራት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከሞክፖ ወደ ደሴቶቹ የሚሄዱትን የኤተርኔት የመረጃ መስመሮች ስጠብቅ ኖሬያለሁ። ሥራው ሲወራ ከባድ ይመስላል እንጂ ለማስረዳት ቀላል ነው። በመስመሩ ሁለት ጫፍ ያሉት መሣሪያዎች በየሰከንዱ «አለሁ» እየተባባሉ ይውላሉ። ይህ ቃል ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ከቀረ ደወል ይጮኻል፣ በስክሪኑ ላይ ያለው የደሴቱ ስምም ከአረንጓዴ ወደ ቀይ ይለወጣል። ጥርጣሬ ያደረበት ጠባቂ ደግሞ የመልስ ሙከራ ይልካል፤ ከዚህ የሄደው መልእክት ከዚያ ካልተመለሰ መስመሩ ሞቷል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በመንገዱ ላይ ያሉትን ጣቢያዎች በየተራ ይጠራል፤ መልስ የጠፋበት ቦታ ብልሽቱ ያለበት ነው። ይህን ሁሉ ለእርስዎ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እናትዎ በሕይወት ስላልነበሩ በሠርግዎ ዕለት በእናት ወንበር ላይ የተቀመጥኩትም እኔ ነኝ። ከመቀመጤ በፊት «እትዬ፣ ከእርስዎ ሌላ ማን አለኝ?» ያሉኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። እርስዎ ሥራ ስለሚበዛብዎት ረስተውት ይሆናል ብዬ ነው እዚህ ላይ የጠቀስኩት።

አሁን ምስጋናዎቼን በቅደም ተከተል እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፤ ስለ ሰጡኝ ዕረፍት አመሰግናለሁ። በጥቅምት አጋማሽ ለአባቴ የሙት ዓመት ሥርዓት ወደ ሄናም ልሄድ ስል የእኔን ወንበር የሚጠብቅ ሰው ጠፍቶ ነበር። እርስዎ ግን አለቃዬ ሆነው ሳለ ዝቅ ብለው «ይሂዱ እትዬ፣ ሦስቱን ቀን እኔ ራሴ እቀመጥልዎታለሁ። የይለፍ ቃልዎን ብቻ ይተዉልኝ» አሉኝ። በትንሽ ወረቀት ላይ ጽፌ ሰጠሁዎት። ደንቡ እንደሚከለክል አውቅ ነበር፤ ጥፋቴን አልክድም። ግን ልጄ ለሚሆን ሰው የሰጠሁ መስሎኝ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት፣ ከዘመዶቼ ጋር ለሥርዓቱ የቀረበውን ፍራፍሬ እየላጥን ሳለ፣ ከእርስዎ መልእክት ደረሰኝ። «የደሴቶቹን ደወል ጸጥ አሰኘሁልዎት። ሲመለሱ ጆሮዎ ያርፋል» ይላል። ለእህቴ አሳየኋትና ሳቅን። እህቴም «እንዲህ የሚያስብልሽ አለቃ አግኝተሽ ነው ጡረታ የምታወሪው?» አለችኝ።

ከዕረፍት ስመለስ እውነትም ደወሉ አርፎ ነበር። ከነፋስ ጋር በየሳምንቱ ሁለት ሦስት ጊዜ የሚጠፋው የሶልሴ መስመር እንኳ አረንጓዴ ሆኖ ይውላል። ጥገና ተደርጎለት ነው ብዬ ደስ አለኝ። አውራጃው ከእኛ ጋር ያለውን ውል ሊያድስ የአንድ ወር ሪፖርት ይጠብቅ እንደነበር፣ የሪፖርቱ ርዕስም «ያልተቋረጠ አገልግሎት» እንደነበር፣ በሪፖርቱም ምክንያት እርስዎ የማዕከሉ ዋና ኃላፊ እንደሆኑ አውቃለሁ። የእንኳን ደስ አለዎት አበባ ይዤ የመጣሁትም እኔ ነኝ።

ሁለተኛ፤ ለማንም ዋሽቼ የማላውቀውን እኔን ሳላውቅ እንድዋሽ ስላደረጉኝ አመሰግናለሁ።

በኅዳር ሁለተኛው ማክሰኞ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ሲሆን የቁጥጥር ክፍሉ ስልክ ጮኸ። የደወለችው የሶልሴ ጤና ጣቢያ ነርስ ቾን ሚሬ ነበረች። ሐኪም የሌለበት ደሴት ስለሆነ የሕመምተኛውን የልብ ምርመራ በመስመሩ ወደ ሞክፖ ሆስፒታል ትልካለች፣ ሐኪሙ አይቶ ሄሊኮፕተር ያዛል። በዚያች ሰዓት አልጋው ላይ የተኛው ፓንግ ጉምሶ የሚባል የስልሳ አንድ ዓመት ሰው ነበር፤ ጊም የምንለውን የባሕር ቅጠል እያመረተ የሚተዳደር ሰው ነው። ከጀልባው ሲወርድ ደረቱን ይዞ ወድቆ ነው ያመጡት።

ነርሷ «ምርመራው አልሄድ አለኝ» አለች። «ሐኪሙም ከስክሪኑ ላይ ጠፋብኝ። መስመሩ ሞቶ ከሆነ አሁኑኑ ይንገሩኝ፤ የእህቴ ባል ጀልባ ወደቡ ላይ አለች፣ ሳልጠብቅ ይዤው ልውጣ።»

ስክሪኑን አየሁ። ሶልሴ አረንጓዴ ነበር።

«መስመሩ ደህና ነው የኔ እህት» አልኳት። «ማሽኑ ይሆናል። አጥፍተሽ አብሪው፣ ገመዶቹንም ነቅለሽ መልሺያቸው።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ሃያ ስድስት ዓመት ስጠብቀው የኖርኩትን መስመር?»

አመነችኝ። ማሽኑን አጠፋች፣ አበራች፣ ገመዶቹን ነቀለች፣ መለሰች። ሰውየው በላብ ተዘፍቆ «ተዪው ልጄ፣ ይለቀኛል» እያለ ያጽናናት እንደነበር በኋላ ነግራኛለች። ሃያ ደቂቃ እንዲህ አለፈ። ሁለተኛ ስትደውል ድምፅዋ ተለውጦ ነበር፤ ያን ጊዜ ነው የመልስ ሙከራ የላክሁት። አምስት መልእክት ሄደ፣ አንድም አልተመለሰም። ጣቢያዎቹን በየተራ ጠራኋቸው፤ በመንገዱ ላይ ካለው ሁለተኛ ጣቢያ በኋላ የሚመልስ አልነበረም። ስክሪኑ ግን አሁንም አረንጓዴ ነው። ስልኩን ይዤ «ሞቷል፣ መስመሩ ሞቷል፣ በጀልባ ውጪ» አልኳት። እሷም ወዲያው ዘጋችው። መስመሩ በሞተ በሃያ ስድስተኛው ደቂቃ በራሱ ተመለሰ። ጀልባዋ ያን ጊዜ ከወደብ እየወጣች ነበር፤ ሞክፖ ለመድረስም አርባ ደቂቃ ፈጀባት።

ይህን ሙከራ በመጀመሪያው ስልክ ላይ ብልከው ኖሮ አንድ ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር። ያልላክሁት አረንጓዴውን አምኜ ነው። ይህ ጥፋት የእኔ ነው፣ ለእርስዎ አላካፍልዎትም። አረንጓዴው ለምን አረንጓዴ እንደነበረ ግን የእርስዎ ድርሻ ነው፤ እሱንም አልወስድብዎትም።

ሦስተኛ፤ ከአደጋው በኋላ ላሳዩት ፍጥነት አመሰግናለሁ። መስመሩን ለመጠገን ዓመታት ያልበቁት መሥሪያ ቤት መግለጫ ለማውጣት ሁለት ቀን በቃው። «በተጠቀሰው ሰዓት መስመሩ አልተቋረጠም፤ ችግሩ የመሣሪያው ተጠቃሚ የሙያ ብቃት ማነስ ነው» ይላል። ነርስ ቾን ሚሬ በዚያው ሳምንት ከሥራ ታገደች። አቶ ፓንግ በሕይወት ቢተርፍም የልቡ ግማሽ አይሠራም፤ ከእንግዲህ ወደ ባሕር መውጣት አይችልም።

አርብ ከሰዓት በኋላ ዩጃ ከሚባለው ሎሚ መሰል ፍሬ የሚፈላ ትኩስ ሻይ ይዘውልኝ ወደ ወንበሬ መጡ። ለጉሮሮ የሚወደድ ሻይ ነው፣ አስበውበት ነበር። ከሻዩ ሥር አንድ ወረቀት ነበር።

«እትዬ፣ እዚህች ላይ ብቻ ይፈርሙልኝ። ስክሪኑ አረንጓዴ ነበር ይላል፣ ሌላ ነገር የለውም። እውነት አይደለም እንዴ?»

«ስክሪኑማ አረንጓዴ ነበር» አልኩ። «መስመሩስ?»

«እኛ የምንፈርመው ለስክሪኑ ነው።»

«ልጅቷ ከሥራ ታገደችኮ፣ ቴሶክ።»

«ሌላ ቦታ ትመደባለች። ወጣት ናት።» ከዚያም ድምፅዎን ዝቅ አድርገው «እኔም ልጆች አሉኝ» አሉኝ።

ሻዩን ጠጣሁ፤ ወረቀቱን ግን አልፈረምኩም። እርስዎ እንደሄዱ የለውጦች መዝገቡን ከፈትኩ። ጥቅምት አሥራ አራት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ፣ የአሥራ አንድ ደሴቶች መስመር «አለሁ» የሚባባልበት ጊዜ ከአንድ ሰከንድ ወደ አሥር ደቂቃ ተለውጧል። ሦስት ጊዜ እስኪቀር ድረስ ግማሽ ሰዓት ያልፋል፤ ከግማሽ ሰዓት በታች ሞቶ የሚነሳ መስመር ሞቶ አያውቅም ማለት ነው። ምክንያት በሚለው ቦታ «ጩኸት ለመቀነስ» ተብሎ ተጽፏል። ለውጡን ያደረገው ሠራተኛ ስም ማ ዮንሱክ ነው። በዚያች ሰዓት ማ ዮንሱክ በሄናም ከአሥራ ሰባት ዘመዶቿ ጋር በአባቷ ፎቶ ፊት ስትሰግድ ነበር።

መዝገቡ ላይ ስሜን ሳየው አልጮህኩም፣ አላለቀስኩም። ወረቀቱ ላይ የይለፍ ቃሌን የጻፍኩበትን እጄን ብዙ ጊዜ ተመለከትኩት። ያስተማርኩዎትን ነገር ሁሉ በሚገባ እንደተማሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ የጠባቂውን ጆሮ በምን መድፈን እንደሚቻል ለማወቅ ጠባቂው እንዴት እንደሚሰማ ጠንቅቆ ማወቅ ያስፈልጋልና።

በማግስቱ በጠዋቱ መርከብ ወደ ሶልሴ ተሻገርኩ። ነርሷን ያገኘኋት ቤቷ ውስጥ ዕቃዋን በካርቶን ስታስገባ ነው። ሁሉንም ነገርኳት፤ የመልስ ሙከራ አለመላኬንም አልደበቅኩም። የያዘችውን ካርቶን አስቀመጠች።

«ማሽኑ ደህና እንደሆነ አውቅ ነበርኮ» አለች። «ጠዋት ሞክሬው ነበር። የእርስዎን ድምፅ ሰምቼ ነው ራሴን የተጠራጠርኩት።»

በዋዜማው ከሆስፒታል የተመለሰው አቶ ፓንግ ደጃፉ ላይ ባለው መደብ ላይ ተቀምጦ መረብ ይተበትብ ነበር። ስሜን ስነግረው ቀና ብሎ አየኝ። «ለካ ‹መስመሩ ደህና ነው› ያልሽው ሴትዮ አንቺ ነሽ» አለ። ይቅርታ ለማለት ጎንበስ ስል «ተይ ተይ፣ መረቡን ትረግጪብኛለሽ» ብሎ አጠገቡ አስቀመጠኝ። ሚስቱ የጊም ሾርባ አመጣችልኝ። ስንበላ ስለ ልቡ አንድም ቃል አልተናገረም፤ ጀልባውን ለመሸጥ እንዳሰበ ብቻ ነገረኝ። ልሰናበተው ስነሳ ግን «ልጅቷን ወደ ቦታዋ መልሱልን» አለኝ። «እሷ ከሌለች ይቺ ደሴት የሽማግሌ መቃብር ናት። እኔን ይቅር በለኝ ከምትዪኝ እሱን አድርጊልኝ።»

አደረግሁለት። የመዝገቡን ቅጂና የእርስዎን የስልክ መልእክት ለአውራጃው ምርመራ ክፍል በገዛ እጄ አስረከብኩ፤ የይለፍ ቃሌን አሳልፌ መስጠቴንም በጽሑፍ አመንኩ። ነርስ ቾን ሚሬ ባለፈው ሰኞ ወደ ጤና ጣቢያዋ ተመልሳለች።

አራተኛና የመጨረሻው ምስጋናዬ ስለ ስንብቴ ነው። «የይለፍ ቃል በቸልተኝነት አሳልፎ በመስጠት» ከሥራ መሰናበቴን የሚገልጸው ደብዳቤ ደርሶኛል፤ ቃሉ እውነት ስለሆነ የምከራከርበት ነገር የለኝም። የገረመኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። በዚያ ደብዳቤ ላይ የይለፍ ቃሉን የሰጠችው ሠራተኛ ስም ሦስት ጊዜ ተጽፏል፣ የተቀበለው ሰው ስም ግን አንድ ጊዜም የለም። ምርመራው እስኪያልቅ ድረስ እርስዎ በወንበርዎ ላይ እንዲቆዩ መወሰኑንም ሰማሁ። ወንበሩ እንደሚመች አልጠራጠርም። ከአጠገቡ ያለው የእኔ ወንበር ግን የግራ እጀታው ይወልቃልና የሚቀጥለው ሰው እንዲጠነቀቅ ይንገሩልኝ።

በሠርግዎ ዕለት በእናት ወንበር የመቀመጥን ክብር ስለሰጡኝ፣ ያንን ክብርም ያለ ምንም ወጪ መልሰው ስለወሰዱት፣ ከፍ ያለ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎና ለቀጣዩ ሹመትዎ መልካሙን ሁሉ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት ራሴን ዝቅ አድርጌ እሰናበትዎታለሁ።

ማ ዮንሱክ
የቀድሞ የቁጥጥር ክፍል ሠራተኛ
ሞክፖ፣ ታኅሣሥ

ማስታወሻ፦ የዚህ ደብዳቤ ዋና ቅጂ በአደራ ፖስታ ተልኮልዎታል። ፖስተኛው አቶ ጊል በሞተር ሳይክል የሚዞሩ፣ ሊፍት የማይወዱ፣ ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ የተጠጋ ሰው ናቸው። ተቀባዩ በራሱ እጅ ፈርሞ ካልተቀበለ በስተቀር «ደርሷል» ብለው አይጽፉም፤ አምስተኛ ፎቅ ድረስ በእግራቸው ወጥተው በርዎን ያንኳኳሉ። እባክዎ ቶሎ ይክፈቱላቸው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል።