የእህል አውሮፕላኗን በዋንዛ የቀረጹት የወይዘሮ ይርገዱ አምባቸው የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ይርገዱ አምባቸው ከአባታቸው ከአቶ አምባቸው አራጌና ከእናታቸው ከወይዘሮ አልታዬ በላይ በቀድሞው ወሎ ጠቅላይ ግዛት፣ ቦረና አውራጃ፣ ከመካነ ሰላም ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ የገጠር መንደር በጥር ወር 1940 ዓ.ም. ተወለዱ።

አባታቸው በአገሩ የታወቁ አናጢ ነበሩ። ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ሙያቸውን ያስተማሩት ለይርገዱ ነው። ሴት ልጅ መሮና መጥረቢያ ይዛ መታየቷ በዚያ ዘመን ነውር ስለነበር ጎረቤት ብዙ አውርቷል። አቶ አምባቸው ግን «እንጨቱ ማን እንደያዘው አይጠይቅም፤ እናንተ ምን አገባችሁ?» ይሉ እንደነበር ወይዘሮ ይርገዱ እየሳቁ ያጫውቱን ነበር። በመካነ ሰላም እስከ አራተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ ትምህርታቸውን ትተው ከአባታቸው ጋር በርና አልጋ መሥራት ጀመሩ።

በ1958 ዓ.ም. በአየር ኃይል የአውሮፕላን አካል ጥገና ባለሙያ ከነበሩት ከሃምሳ አለቃ ንጉሡ ፈንታሁን ጋር በሕግ ተጋብተው ወደ ደብረ ዘይት ሄዱ። እዚያም ልጃቸውን ያለውን፣ በኋላም ሐረግን ወለዱ።

አውሮፕላን መቅረጽ የጀመሩት በደብረ ዘይት ነው። አንድ መኮንን ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር ጓደኞቹ ስጦታ ፈለጉ፤ ሃምሳ አለቃ ንጉሡም «ባለቤቴ እንጨት ያውቃሉ» አሏቸው። መልኩንና ልኩን እሳቸው እየነገሩ፣ እንጨቱን ባለቤታቸው እየቀረጹ፣ ክንፉ አንድ ሰው አቅፎ የማይዘልቀው ትልቅ ኤፍ-5 ተዋጊ ጄት ሠሩ። መኮንኑ ሲያየው በእጁ ዳሰሰው። ከዚያ በኋላ በደብረ ዘይት ሳሎን ውስጥ የወይዘሮ ይርገዱን አውሮፕላን ማስቀመጥ ወግ ሆነ። ትንንሹን የሚፈልግ አልነበረም፤ ሁሉም «ትልቁን፣ ሲገባ የሚታየውን» ይል ነበር።

በ1965 ዓ.ም. በወሎ ዝናብ ቀረ። ወሬው ዘግይቶ ነው የደረሳቸው። በማግሥቱ ዓመት እህል አስጭነው ቦረና ሲደርሱ የተወለዱበት ቤት በሩ ወላልቆ፣ የአባታቸው መሣሪያ ሁሉ ተሸጦ ጠበቃቸው። እናትና አባታቸው ወደ ደሴ ተሰደው ነበር። ተከትለዋቸው ደሴ ወረዱ፤ መጠለያውን ሁሉ ዞሩ። ሁለቱም በመጠለያ እንዳረፉ ከመንደራቸው ሰዎች ሰሙ፤ መቃብራቸውን የሚያሳያቸው ግን አልተገኘም። የጫኑትን እህል እዚያው ለነበረው ሕዝብ አከፋፍለው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

አብዮቱ ፈነዳ። ከሦስት ዓመት በኋላም የሶማሊያ ጦርነት መጣ። በዚያ ጊዜ የወይዘሮ ይርገዱ ሥራ በዛ። ይሁን እንጂ ሥራ የሚያዟቸው መኮንኖች አልነበሩም፤ ሚስቶቻቸው ነበሩ። ባሏ ያልተመለሰላት ሴት መጥታ ባሏ ያበረው የነበረውን አውሮፕላን እንዲሠሩላት ትለምናቸው ነበር። ወይዘሮ ይርገዱ አንዷን እንኳ አልመለሱም። ሃምሳ አለቃ ንጉሡ ግን «ይርገዱ፣ ይኼ ቤት ለቅሶ ቤት ሆነ» ይሏቸው እንደነበር እናውቃለን።

በ1970 ዓ.ም. ሃምሳ አለቃ ንጉሡ አንድ ጧት ለስብሰባ ተጠርተው ወጡ። አልተመለሱም። ወንጀላቸው ምን እንደነበረ፣ የት እንደወደቁ እስከ ዛሬ የነገረን የለም። ወይዘሮ ይርገዱ የመንግሥት ቤቱን እንዲለቁ ስለታዘዙ ሁለት ልጆቻቸውን ይዘው ወደ መካነ ሰላም ተመለሱ። ከወይዘሮ ሀሊማ ጎን አንድ ክፍል ቤት ተከራይተውም በርና መቀመጫ ዱካ እየሠሩ ኑሮ ጀመሩ። ወይዘሮ ሀሊማ ጨው ነጋዴ ናቸው። ያን ጊዜ የጀመረው ጉርብትና እስከ መጨረሻዋ ቀን አልተቋረጠም።

በ1976 ዓ.ም. ዝናቡ እንደገና ቀረ። በገበያ እህል ጠፋ፤ በር የሚያሠራም ሰው አልነበረም። በነሐሴ ወር አንድ የአውራጃው ሹም ወደ ቤታቸው መጣ። ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል በሰልፉ ላይ በትከሻ የሚዞር ትልቅ የሚግ አውሮፕላን እንዲሠሩ አዘዛቸው፤ ዋጋውም ስንዴ እንደሚሆን ነገራቸው። አንዳንድ ሰው በኋላ «ሕዝብ እየረገፈ ለምን ሠሩላቸው?» ብሏል። መልሱ ስንዴ ነው። ሐረግ በዚያ ሰሞን በኩፍኝ ታማ ተኝታ ነበር።

ሹሙ ሥራውን ሊያይ በመጣ ጊዜ ወይዘሮ ይርገዱ «ጌታዬ፣ ከስንዴው ጥቂቱን አሁን ይስጡኝ፤ ልጄ ደክማብኛለች» አሉት።

«ጓድ ይርገዱ፣ ሁሉም ነገር ከበዓሉ በኋላ ነው» አላቸው።

«በዓሉማ ይደርሳል፤ ልጅቱ ናት የማትደርስ።»

ሹሙ ወደ ተኛችው ልጅ አየት አደረገ። ከዚያ ዞሮ የአውሮፕላኑን ክንፍ በጣቱ አንኳኳና «ኮከቡ ጎላ ብሎ ይሣል» ብሎ ወጣ።

ወይዘሮ ሀሊማ ለራሳቸው ልጆች ከቆሉት ገብስ እየቆነጠሩ ያመጡ ነበር። «አብሽሪ ይርገዱ፣ አላህ አይጥልሽም» ይሏቸው ነበር። መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. ሚጉ በወጣቶች ትከሻ መካነ ሰላምን ዞረ፤ ተጨበጨበለት። ሐረግ በዓሉ ባለፈ በሦስተኛው ቀን አረፈች። የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። ስንዴው የመጣው በሰልስቷ ዕለት ነው። ንፍሮ ሆኖ ለለቀስተኛ ቀረበ። ከለቀስተኛው መካከል ለቅሶውን ሰምቶ ሳይሆን ንፍሮውን ሰምቶ የመጣ ብዙ ነበር፤ ወይዘሮ ይርገዱ ማንንም አልከለከሉም።

ከዚያ በኋላ ልጃቸውን ያለውን ለወይዘሮ ሀሊማ ትተው ርዳታ ፍለጋ ከሕዝቡ ጋር በእግራቸው ወደ አቀስታ ተጓዙ። በዚያ ደጋ አራት ሞተር ያላት ግራጫ አውሮፕላን እጅግ ዝቅ ብላ መጥታ ስንዴ በጆንያ ስትጥል አዩ። ሰው ሁሉ ወደ ጆንያው ሲሮጥ እሳቸው ቆመው ሆዷን፣ ጅራቷን፣ ክንፏን ሲያዩ ነበር። አንዲት የማያውቋት ሴት «አንቺ ምን ትጠብቂያለሽ፣ አትሮጪም?» ብላ ጎተተቻቸው። መካነ ሰላም ተመልሰው የሚተኙበትን የዋንዛ አልጋ ፈቱ። በአልጋው ሳንቃ ያችን አውሮፕላን ቀረጹ።

በአቀስታ ለነበሩት የርዳታ ሠራተኞች አስተርጓሚ የነበረው የወይዘሮ ሀሊማ ወንድም ጀብሪል ነበር። ሥራውን አይቶ «እትዬ ይርገዱ፣ እጅዎ ይባረክ፤ ግን ፈረንጅ የሚወደው ተዋጊ ጄት ነው። ይህችን የጭነት አውሮፕላን ማን ይገዛታል?» አላቸው። ወይዘሮ ይርገዱም «ሰው የሚገዛው አንጋጦ የጠበቀውን ነው» ብለው መለሱለት። ይዟት ሄደ። ከውጭ አገር ሠራተኞቹ አንዱ ሲያያት እንባ ያዘው፤ እንደታቀፋት ወደ ድንኳኑ ገባ። በማግሥቱ ሌሎቹም እንዲሠራላቸው ጠየቁ።

ወይዘሮ ይርገዱ በዚህ ሥራ ከራብ ዳኑ። በአቀስታ መጠለያ እናታቸው አጠገባቸው የሞተችባቸውን ሕፃናት በለጡንና ምናለንም አምጥተው ከያለው ጋር አሳደጉ። ልጆቹ የአባታቸውን ስም አያውቁም ነበር። ትምህርት ቤት ሲመዘገቡ ወይዘሮ ይርገዱ ሳያመነቱ «ንጉሡ በሉ» አሉ።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ሥራቸው በደሴ በአቶ ፈንታዬ ሱቅ ይሸጥ ጀመር። ከአዲስ አበባ የሚመጡ ሰብሳቢዎች፣ ጡረተኛ አየር ኃይሎችና ቱሪስቶች ይገዙ ነበር። አቶ ፈንታዬ በየጊዜው «ሚግ ይላሉ፣ ትልቁን ሚግ» እያሉ ይልኩባቸው ነበር። ዳኮታውን፣ አንቶኖቩን፣ ሄሊኮፕተሩንና የእህሏን አውሮፕላን ሠሩ፤ ተዋጊ ጄት ግን እምቢ አሉ። ያለው አናጢ ሆኖ ነበርና «እማ፣ እኔ ልሥራው፤ አንቺ አትንኪው» ብሎ ለመናቸው። «እኔ ባለሁበት ቤት አይሠራም» አሉት። በዚህ ተቀያይመው ያለው ለጥቂት ዓመታት ወግዲ ሄዶ ሠርቷል። ቤታቸው ሀብት ያልገባበት በዚህ ምክንያት መሆኑን አንሸሽግም።

በ1994 ዓ.ም. ወይዘሮ እታገኘሁ የተባሉ አሮጊት ከደብረ ዘይት ድረስ ጠይቀው ጠይቀው መጡ። ባለቤታቸው በሶማሊያ ጦርነት የቀሩ አብራሪ ነበሩ። በጦርነቱ ጊዜ ለማሠራት አቅም አጥተው፣ አሁን ልጆቻቸው በአውቶቡስ አሳፍረው ልከዋቸው ነው።

«ኤፍ-5 ነበር የሚያበረው» አሉ።

ወይዘሮ ይርገዱ «ተዋጊ አልሠራም፤ ትቻለሁ» አሏቸው።

«ይርገዱ፣ እኔ ጦርነት አልፈለግሁም። ሰውዬው አልተገኘ፤ የሄደበትን እንኳ ልየው።»

ወይዘሮ ይርገዱ «የእኔም አልተገኘ» አሉ፤ ሁለቱ ሴቶች ተቃቅፈው አለቀሱ። በቤታችን ሃምሳ አለቃ ንጉሡ በሰው ፊት ሲለቀስላቸው ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነው። ወይዘሮ እታገኘሁ ሥራው እስኪያልቅ እዚያው ተቀመጡ። በመጨረሻው ሳምንት ወይዘሮ ይርገዱ ወደ ወግዲ ሰው ልከው «ያለው ይምጣና ክንፉን ያግዘኝ» አሉ። ያለውም መጣ፤ ዳግመኛም አልሄደም።

ወይዘሮ ይርገዱ ከስኳር ሕመም ጋር ለዓመታት ኖረዋል። በ2008 ዓ.ም. ቀኝ እጃቸው ሰነፈ፤ መሮም መያዝ አልቻሉም። ወደ ደሴ እየተመላለሱ ቢታከሙም አልተሻላቸውም። ታኅሣሥ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. ከቀኑ በሰባት ሰዓት በተወለዱ በስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። ወይዘሮ ሀሊማ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ የወይዘሮ ይርገዱ ሕመም ከጠና ጊዜ ጀምሮ ግን በሰው ተመርተው መጥተው ከአልጋው ራስ አልተነሡም። የንስሐ አባታቸው ጸሎት ሲያደርሱ ወይዘሮ ሀሊማ የሰነፈውን እጅ ይዘው ነበር። ማረፋቸው ሲነገራቸው «አውቄያለሁ፣ እጇ ነግሮኛል፤ ትንሽ ተዉልኝ» አሉ። ተውንላቸው። እጁ እስኪቀዘቅዝ አልለቀቁትም።

ወይዘሮ ይርገዱ ልጆቻቸውን ያለው ንጉሡን፣ በለጡ ንጉሡንና ምናለ ንጉሡን፣ ሰባት የልጅ ልጆችን፣ ደግሞም እኅታቸውን ወይዘሮ ሀሊማን ትተው ሄደዋል።

የሰማይና የምድር ጌታ ነፍሳቸውን ራብ በማያውቅ ደጅ፣ የጠፉት ሁሉ በሚገኙበት አገር ያሳርፍልን። ለቀሩት ወዳጅ ዘመዶች መጽናናትን ይስጥ። አሜን።