የእህቴ ደም በለጠኝ

እማዬ፣ እንዴት ከርመሽልኛል? ወገብሽስ ተሻለሽ? የክዊንስላንድ ሙቀት አላቀለጠሽም? አክስቴ ሞርናስ ዳሌዋ ድኖላት መራመድ ጀመረች? እኛ ደህና ነን። እኔማ እንደ በሬ ጠንካራ ነኝ።

የእህቴ የብሪዮኒ ነገር እንዳስጨነቀሽ አውቃለሁ። አዲሱ መድኃኒት ነርቯን የሚያጠቃውን ኤምኤስ የተባለ በሽታ ካልያዘላት ዘንድሮ በትርኢቱ የግንድ ቆረጣ ውድድር ላይ ከእኔ ጋር መጋዝ እንደማትይዝ ምላ ነበር። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ሐኪሞቹ ለጥናት ደሟን ወሰዱ፤ ሰውነት ውስጥ የሚቆጣ ነገር ካለ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ደም ላይ ያስታውቃል አሉ። ለማነጻጸሪያ ጤነኛ ወንድም ሲፈልጉ ደረቴን ነፍቼ የቀረብኩት እኔ ነኝ። «የእኔን ደም ጠርሙስ ውስጥ አድርጋችሁ ለሕዝብ አሳዩት» አልኳቸው። ነርሷ ሞዊና ደም ከመስጠቴ በፊት ሁለት ቀን ከባድ ሥራ እንዳልሠራ አስጠንቅቃኝ ነበር። የመጥረቢያ ልምምድ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሥራ የሆነው? በዋዜማው ዘጠኝ ግንድ ጣልኩ!

በሳምንቱ ሞዊና ደወለች። የብሪዮኒ ቁጥር ወርዷል፣ የጭንቅላቷ ፎቶም አዲስ ቁስል የለውም፤ መድኃኒቱ ይዞላታል። የእኔ ግን ጣራ ነክቷል። «አንተ ልጅ፣ ታመሃል እንዴ?» ስትለኝ ላብ አጠመቀኝ። የግንዶቹን ነገር ስነግራት ሳቀችብኝና አርፌ ተኝቼ እንድመለስ አዘዘችኝ። ሁለተኛው ደሜ ደህና ነው፣ አትስጊ። ብሪዮኒ ግን «አንተ ጉረኛ፣ ጤነኛዋ እኔ ነኝ፣ በሽተኛው አንተ!» ብላ ተንከተከተች፤ አባዬን ሻዩ ትን አለው። ሳቁ ሲበርድ ዞር ብላ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። እንዳላየ ሆንኩ።

ቅዳሜ በትርኢቱ ላይ ባለሁለት እጀታውን መጋዝ ያዝን። እኔ እንደ ልማዴ ልገነጥለው ስጎትት፣ «ቀስ በል፣ አንተ ብቻህን አይደለህም!» ብላ በሰው ፊት ጮኸችብኝ። ቀስ አልኩ። ከስድስት ጥንድ አምስተኛ ወጣን። እኔ አምስተኛ ወጥቼ ስስቅ ያየ ሰው የለም፤ ያን ቀን አባዬ አየኝ።

አክስቴ ሞርናን ሳሚልኝ። አጎቴ ክላይቭን፣ አሁንም በመጥረቢያ እንደምበልጠው ንገሪው። ትንሿን ዊኒፍሬድን ጉንጯን ቆንጥጪልኝ። አባዬ ቶሎ ነይ ይላል፤ የሚያበስለው ሾርባ ውሻውን እንኳ አስመርሮታል።

የቆረጥናትን ክብ እንጨት ልኬልሻለሁ። ወልገድ ያለው ጠርዝ የእኔ ነው፣ ቀጥ ያለው የእሷ።

ልጅሽ ዴርሞት
ጊቭስተን፣ ታዝማኒያ
ኖቬምበር 20 ቀን 2023