ሊጥ አለ፣ ቀስ በል

ሐሙስ፣ ኅዳር 6 ቀን 2005

ዛሬም ሊጡ ተኛ። ጠዋት ኩፍ ብሎ ሳየው ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ፎርክሊፍቱ የቢራ ሣጥን ተሸክሞ መጣ፣ ወለሉ ተናወጠ፣ ሊጤ እፍ ብሎ ወረደ።

የምጋግርበትን ክፍል ከመጋዘኑ የሚለየው ቆርቆሮ ብቻ ነው። ወለሉ አንድ ነው። በራፌ ላይ ሲሚንቶው የተጋጠመበት ክፍተት አለ። የማሽኑ ድፍን ጎማ እዚያ ላይ ሲዘል ትሪው፣ ክዳኑ፣ ጥርሴ ሳይቀር ይንቀጠቀጣል።

ለመጋዘኑ ኃላፊ ለአቶ ሰይፉ ነገርኩት። «ምን ላድርግሽ ብርቄ? ለማሽኑ ነጠላ ጫማ ላጥልቅለት?» አለ። ቢሮ ያሉት ሁሉ ሳቁ። ይሳቁ።

ለሚካኤል ሦስት ትልልቅ ድፎ ታዝዣለሁ። የማኅበሩን ድግስ የምታሰናዳው ወይዘሮ አልማዝ ያለፈውን ቀምሳ «ይሄ ዳቦ ነው ጡብ?» ብላኛለች። የረቡዑም ከተበላሸ የቤተ ክርስቲያኑ ዳቦ ለሀይ ጀላባ ሰፈሩ ጋጋሪ ይሄዳል። እሱ ከሄደ ይህን ክፍል ይዤ የምቆይበት ነገር የለኝም።

ዓርብ፣ ኅዳር 7

የሞከርኩት፦ ከጠረጴዛው እግር ሥር ጨርቅ። ምንም። የአሮጌ ጎማ ቁራጭ። ትንሽ ረዳ። ሊጡን ወደ ውጪው ግድግዳ ማስጠጋት። ባሰ፤ እዚያ ደግሞ የጭነት መኪናው አለ።

ከሰዓት ካርቶን ቆርጬ በጥቁር ቀለም ጻፍኩ፦ «እዚህ ጋ ቀስ በል። ሊጥ አለ።» ከክፍተቱ በፊት ምሰሶው ላይ ሰቀልኩት። ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼ አድገው ከወጡ በኋላ ነው። ሰው እንዲያየው ብዬ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። «ቀ» ትንሽ ጠምማለች። ራቅ ብዬ ደጋግሜ አነበብኩት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8

ቱት ንቆኛል። የፎርክሊፍቱ ሹፌር ነው፤ የልጆች አባት። የዚሁ አገር ሰው ቢሆንም ኢትዮጵያ በስደት ስላደገ አማርኛው ከእኔ ይፈጥናል። አንቱታ ብቻ አልገባውም። ጽሑፌን አየ፣ አውራ ጣቱን አነሣልኝ፣ ጭራሽ ፈጥኖ ክፍተቱ ላይ ዘለለ።

«ዓይን የለህም?» ብዬ ጮህኩ።

«አለኝ እትዬ! ቆንጆ ነው!»

ቆንጆ ነው! ሊጡ ተኛ።

እሑድ፣ ኅዳር 9

ከቅዳሴ በኋላ አልማዝ «ረቡዕ እንዳታሳፍሪኝ» አለችኝ። «እኔ ነኝ ወለሉ?» ልላት ነበር። ዋጥኩት። ያ አውራ ጣት ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ፊደል ሳላውቅ ተሾፈብኝ፤ አውቄም ያው።

ሰኞ፣ ኅዳር 10

ፎርክሊፍቱ ፊት ሄጄ ተገተርኩ። ቱት ፍሬኑን ረገጠ።

«እትዬ፣ መሞት አማረሽ?»

«አንብብ!» አልኩት ምሰሶውን እያሳየሁ።

ሞተሩን አጠፋ። «እትዬ፣ እኔ እኮ የአማርኛ ፊደል አላውቅም። ካምፕ የተማርኩት በእንግሊዝኛ ነው። አማርኛውን ኳስ ሜዳ ነው የለቀምኩት። ይሄ የዳቦ ማስታወቂያሽ መስሎኝ!»

ያን ሁሉ ዓመት የአውቶቡስ ታፔላ ሰው እየጠየቅሁ የተሳፈርኩ ሴት፣ አማርኛ የሚናገር ሁሉ ያነባል ብዬ ደመደምኩ። ይህን አልነገርኩትም። የሊጡን ነገር ግን በአፌ ነገርኩት፤ ሚካኤልንም፣ አልማዝንም።

«ታዲያ መጀመሪያ አትነግሪኝም? ሽዌያ ሽዌያ አልፋለሁ፣ ቀስ ብዬ። ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም።»

የከሰዓቱ ሹፌር ግን ዩጋንዳዊ ነው፤ አማርኛ አይሰማም። ቱት ከጽሑፌ ሥር በከሰል ኤሊ ሣለለት።

«እግር ያለው ድፎ ነው የሚመስለው» አልኩት።

«ጥሩ! ቀስ በልም፣ ዳቦ አለም ይላል!»

ሳልፈልግ አሳቀኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11

ሊጡን የሙዝ ቅጠል ላይ አድርጌ አጠገቡ ቁጭ አልኩ፤ ዓይኔ ሳፋው ውስጥ ያለው ውሃ ላይ ነው። ቱት ሲያልፍ ውሃው ትንሽ ክብ ሠርቶ ተወ። ከሰዓት ዩጋንዳዊው መጣ። ኤሊውን አየ፣ እኔን አየ፣ ጥርሱን ብልጭ አደረገ። ጎማው ክፍተቱን እንደ ሽማግሌ ወርዶ ወጣ።

ሁለቱ ድፎ ቀጥ ብለው በሰሉ። ሦስተኛው ምድጃ ሊገባ ሲል የጭነት መኪናው ግድግዳው ሥር መጥቶ ቆመ። አንድ ጎኑ ረገበ። ለዚያኛው ደግሞ ማን ይሣልለት!

ረቡዕ፣ ኅዳር 12

ድግሱ ቤት የረገበውን ጎን ወደ ግድግዳ አዙሬ አስቀመጥኩት። አልማዝ ግን አየችው። ከደህናው ቆርሳ ቀመሰችና «አሁን ዳቦ ሆነ። የሚቀጥለውም ያንቺ ነው፤ ሦስቱም ቀጥ ይበሉልኝ እንጂ» አለች። እሺ አልኩ። በምን አፌ እንዳልኩ እንጃ።

ስመለስ አቶ ሰይፉ በር ላይ ጠበቀኝ። ከዚህ የሚበልጥ ፎርክሊፍት ሊመጣ ነው አለ፤ ከነሹፌሩ። ሹፌሩ ከየት አገር ነው ብዬ ጠየቅሁት። አያውቅም። «ምን አገባሽ?» አለኝ።

ካርቶኑን አላወረድኩትም። ቱትን ኤሊውን አተልቅልኝ ብዬዋለሁ። ሰውዬው ሲመጣ ግን ከካርቶኑም ከኤሊውም በፊት ሄጄ በአፌ እነግረዋለሁ። በምን ቋንቋ እንደሆነ ገና አላውቅም።