«ብር አይታጠብም» ያሉት የአቶ ኦታካር ቭላሳክ የሕይወት ታሪክ

አቶ ኦታካር ቭላሳክ ከአናጺው አባታቸው ከአቶ ቫጽላቭ ቭላሳክና ከእናታቸው ከወይዘሮ አልቢና ክራል እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 1936 ቺካጎ፣ ፒልሰን በሚባለው የቼኮች ሰፈር ተወለዱ። ትምህርታቸውን እዚያው አጠናቀው በ1955 በከተማው የባቡር ጥገና ክፍል ተቀጠሩ፤ ሠላሳ ስምንት ዓመትም አንድ ቀን ሳያረፍዱ ሠርተው ጡረታ ወጡ። በ1961 ከወይዘሮ ሊቡሻ ዱሼክ ጋር በቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጽመው ቭዬራንና ሚላንን ወልደዋል።

ልባቸውን የወሰደው ግን ብር ነው፤ ከብር የተሠራ የድሮ ሳንቲም። አያታቸው ወይዘሮ ባርቦራ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳሉ በ1893 የቺካጎውን የዓለም ኤግዚቢሽን አይተዋል። የኤሌክትሪክ መብራቱ በአንድ ጊዜ ቦግ ሲል ያ ሁሉ ሕዝብ ትንፋሹን እንደዋጠ ይተርኩላቸው ነበር። ከዚያ ቀን የተረፈቻቸው በአንድ ፊቷ ኮሎምበስ፣ በሌላው መርከቡ የተቀረጸባት የሃምሳ ሳንቲም ብር ናት፤ የተገዛችውም በአንድ ዶላር ነው። በኤግዚቢሽኑ ሳይሸጡ የቀሩት ብሮች በኋላ በሃምሳ ሳንቲም ዋጋቸው ገበያ ላይ ሲውሉ ጎረቤት ሁሉ «የባርቦራ ገበያ» እያለ ሳቀባቸው። እሳቸው ግን ንቅንቅ ሳይሉ ብሯን ለልጅ ልጃቸው አወረሱ።

አቶ ኦታካር በዚያች ላይ እየጨመሩ ስልሳ አንድ አደረሷቸው፤ ኮሎምበስን የላኩት የስፔን ንግሥት የኢዛቤላ መልክ ያለባትን የሃያ አምስት ሳንቲም ብርም አገኙ። እሑድ ከምሳ በኋላ እጃቸውን ታጥበው፣ እያንዳንዷን በጠርዟ ብቻ ይዘው ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዞሯት ነበር። ጊዜ ያለበሳትን ግራጫና ሰማያዊ ቀለም እያዩ ያደንቁ ነበር።

በከተማው የሳንቲም ሰብሳቢዎች ክበብ የብሮችን ጥራት የሚመዝኑ ዳኛ ነበሩ። አዲስ አባል በመጣ ቁጥር የመጀመሪያው ትምህርታቸው «ብር አይታጠብም፤ ካጠብከው ቆዳውንም ዋጋውንም ገፈፍከው» የሚል ነው። ይህን ለቤታቸው ሰው መንገር ግን ረስተዋል።

አቶ ኦታካር ሃምሳ ዓመት በሞላቸው ዕለት ወይዘሮ ሊቡሻ ብሮቹን ሁሉ በቤኪንግ ሶዳና በጥርስ ብሩሽ ፈትገው፣ ነጭ ፎጣ ላይ ደርድረው ጠበቋቸው። «ኦታ፣ አዲስ አልሆኑም?» አሏቸው። አቶ ኦታካር አንዷን በጠርዟ አንሥተው ካዩ በኋላ «አንቺ ባትኖሪ ማን ያጥብልኝ ነበር?» አሉ።

«ውሰዳቸውና ይዩልህ እንጂ» ብለው ወይዘሮ ሊቡሻ ለክበቡ ዓመታዊ ትርኢት በኩራት ላኳቸው። የክበቡ ሰዎች ደነገጡ። ማን እንዳጠባቸው ሲጠየቁ አቶ ኦታካር «እኔ ነኝ፤ እጄን በልቶኝ ነው» አሉ። «ለእኛ ስትሰብክ ኖረህ ኖረህ!» እያሉ ጓደኞቻቸው ተዘባበቱባቸው። ቃላቸው በመዝገብ ሰፈረ፤ ከዳኝነትም ተነሡ። ከዚያ ወዲህ ክበቡ ውስጥ ብር ያጠበ ሰው «ቭላሳክን ሆነ» ይባላል። እሳቸውም ሠላሳ ስምንት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው አብረው ሲስቁ ኖሩ። ወይዘሮ ሊቡሻ በባለቤታቸው ልደት ሁሉ ብሮቹን ደግመው ሲያጥቡ ደግሞ አቶ ኦታካር ፎጣ ይዘው ያደርቁላቸው ነበር። ሰው እስከዚህ ድረስ መውደድ መቻሉ እጅግ ያስደንቃል።

አቶ ኦታካር ባደረባቸው የሳንባ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው የካቲት 11 ቀን 2024 በተወለዱ በ87 ዓመታቸው ዐረፉ። ለስንብት የመጡት የክበቡ አባል አቶ ሩዶልፍ ሃላስ ወይዘሮ ሊቡሻን ሲያጽናኑ «እሱን የሚያህል ዐዋቂ ብሮቹን ማጠቡ እስከ ዛሬ ይገርመኛል» አሉ። ወይዘሮ ሊቡሻ ነገሩን ያወቁት ያን ጊዜ ነው።

አቶ ኦታካር ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ ወይዘሮ ሊቡሻ አንድ ነገር ብቻ አዘዙ፤ እንዳሉትም ተጽፏል፦ «ያጠብኳቸው እኔ ነኝ። እሱ ያደረቀልኝ ብቻ ነው። መዝገቡ ይታረም።»

የሌላውን ጥፋት በስማቸው ተሸክመው የኖሩትን የአቶ ኦታካርን ነፍስ የምሕረት ጌታ ሸክሟን አውርዶ ይቀበላት። አሜን።